የባባ ዲናሞና የባቄላው ጣሳ

ልጅ ሳለሁ፣ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ቤታችን መብራት አልነበረውም፤ ንፋስ ግን ሞልቶት ነበር። ከሰዓት በኋላ ከቆላው ተነስቶ፣ የበርበሬውን ማሳ አቋርጦ ይመጣና በራችንን እንደ እንግዳ ይመታዋል። አያቴ፣ ባባ የምንለው፣ ይሄን ንፋስ ነበር ሥራ ሊያስይዘው ያሰበው።

ባባ ዕድሜውን አዲስ አበባ፣ የተቃጠለ ዲናሞ በሚጠቀልሉበት ቤት ሠርቶ፣ አንድ ዓመት ለአረፋ እንደመጣ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ሲመጣ ከአሮጌ ሞተር ሆድ ያወጣው የመዳብ ሽቦ፣ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የፈታው ማግኔትና ጎማ የሌለው የባጃጅ ቸርኬ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ነበር። እናቴ ከረጢቱን አይታ፣ «ሰው ለአረፋ ሰንጋ ይዞ ይገባል፣ የኛ ባባ ቁርጥራጭ ብረት!» ብላ ሳቀች። ባባ ሰምቷት ኖሮ፣ «ታገሺ ልጄ፣ ይሄም ሰንጋ ነው። ንፋስ እየበላ መብራት ይሰጥሻል» አላት።

ሽቦውን የሚጠቀልለው ማታ ማታ ነበር። ያኔ ፍሙ አመድ ለብሶ ከሥር ይቀላል፣ ኩራዙ እየጨሰ አፍንጫችንን ያጠቁረዋል፣ እኔና እህቴ ዘይነባ ደግሞ ተረት ካልነገርከን እያልን እናስቸግረዋለን። ተረትና ቁጥር ግን አብረው አይሄዱም። ጅቡ ብቅ ሲል የዙሩ ቁጥር ይጠፋበትና ሽቦውን ፈትቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። «ይኸው፣ ጅባችሁ ቁጥሬን በላው» ይለናል። ዝም በሉ ብሎን ግን አያውቅም።

ኋላ ላይ ዘዴ አገኘ። በኛ ቤት ተረት ሲነገር ሰሚው በየመሐሉ «እሺ» ይላል፤ እሺታው ከጠፋ ሰሚው ተኝቷል ማለት ነው፣ ተረቱም ይቆማል። ባባ ለአንድ ጥቅል የሚበቃውን ያህል ባቄላ ቆጥሮ ጣሳ ውስጥ ጨመረና ፊቴ አስቀመጠው። እሱ አንድ ነገር ይናገራል፣ እኔ «እሺ» ብዬ አንድ ባቄላ ከጣሳው ወደ ሰፌዱ አወጣለሁ፣ እሱ ሽቦውን በእንጨቱ ላይ አንድ ዙር ያዞራል። ጣሳው ባዶ ሲሆን ጥቅሉ ሞላ። በዚህ ዓይነት የጦጣዋ ጥቅል፣ የቀበሮው ጥቅል፣ የሰነፉ ልጅ ጥቅል እያልን፣ ሁሉም እኩል ሆነው ወጡ። እናቴ ብቻ «ባቄላዬ ወጥ ሳይሆን መብራት ሆኖ ቀረ» እያለች ታጉረመርም ነበር።

የመጨረሻው ጥቅል የንፋሱ ተረት ነበር። ያን ቀን በርበሬ ስንለቅም ውለን ዓይኔም እጄም ይለበልበኛል። ዘይነባ ገና በጊዜ ተኝታለች።

«ንፋስ ማደሪያ አጥቶ ቤት ለቤት ይዞር ነበር።»

«እሺ።»

«በሩን ቢመታ፣ ማንም አልከፍትለት አለ።»

«እሺ።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ አላውቅም። አፌ እሺ ይላል፣ እጄ ባቄላውን ረስቶታል። ባባ ዓይኑ ሽቦው ላይ ስለሆነ የሚያምነው ድምፄን ነው። አንድ እሺ ባልኩ ቁጥር አንድ ዙር ያዞራል።

ጠዋት ጥቅሎቹን በክብ ጣውላ ላይ ሲደረድር የኔው ወፍሮ፣ ከጓደኞቹ መሐል አልገባ አለ። ባባ ቀስ ብሎ ይፈታው ጀመር። ያ ሽቦ አንዴ ሞተር ውስጥ የተቃጠለ ነው፣ ብዙ መታጠፍ አይችልም፤ እመሐሉ ላይ ተበጥሶ ጫፉ በጣቱ ቀረ። ሌላ ሽቦ የለም። ባባ አልተቆጣም። ቀና ብሎ አየኝና፣ «እሺ ስትይ የት ነበርሽ፣ ልጄ?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ጣሳውን አየሁት፤ ባቄላው ገና አላለቀም።

ባባ የተበጠሰውን ቀጥሎ፣ ክንፉን ከእንጨት ጠርቦ፣ ዲናሞውን ረጅም ግንድ ላይ ሰቀለው። ንፋሱ መጣ፣ ክንፉ ዞረ፤ አምፖሉ ግን እንደ ፍም ቀላ እንጂ አልነጣም። እናቴ «አልሃምዱሊላህ» ብላ ኩራዙን አጠፋች። ባባም ማግኔቱ ደካማ ነው አለ። እውነቱን ይሁን ለኔ ብሎ አላውቅም። እኔ ያቺን አምፖል ባየሁ ቁጥር እጄን ከኋላዬ እደብቅ ነበር። የንፋሱ ተረት እንዴት እንዳለቀ እንኳ ልጠይቀው አፈርኩ፤ ሳልጠይቀው ሞተ።

አሁን ቡታጅራ ነው የምኖረው። ማብሪያውን ስጫን የሚበራ መብራት አለኝ፣ ኢምራን የሚባል ልጅም አለኝ። ለሱ የማልፈራው ነገር የለም፤ ውሃውን፣ መንገዱን፣ ብርዱን ሁሉ እፈራለሁ። ባለፈው አመሻሽ ላይ አባቱ ቆይቶብኝ፣ የሚነዳውን ባጃጅ ድምፅ ከመንገድ እያዳመጥኩ ሳለ ኢምራን ቀሚሴን ያዘኝ።

«እማ፣ ጆሮዬ ውስጥ ንፋስ አለ።»

«እሺ።»

«በር እየመታ ነው።»

«እሺ፣ እሺ የኔ ጌታ።»

የባባን ተረት የማውቀውን ያህል ስለምነግረው ጨዋታ መሰለኝ ብል ደስ ባለኝ። ግን ምንም አልመሰለኝም፣ አልሰማሁትም። ሲነጋ ትራሱ ላይ ቢጫ መግል አየሁ። ይዤው ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነርሷ «መቼ ነው የጀመረው?» አለችኝ። ኢምራን ነው የመለሰላት፦ «ለእማ ነግሬያታለሁ። እሺ ብላኛለች።»

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ባባም እዚያው አጠገቤ ቆሞ «እሺ ስትይ የት ነበርሽ?» ብሎ የጠየቀኝ መሰለኝ።

ጆሮው ነርሷ በሰጠችን ጠብታ እየዳነ ነው። ልጄ ግን የሆነ ነገር ሲያመው ለአባቱ መናገር ጀመረ። ስለዚህ ትናንት ከጓዳ ባቄላ በጣሳ አመጣሁና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ንፋሱ ማደሪያ ያጣበትን ተረት አንተ ጨርስልኝ፣ እኔ መጨረሻውን አላውቀውም» አልኩት። ትንሽ አሰበና ጀመረ። ባጃጁ ቢመጣ ባይመጣ አላዳመጥኩም። እሺ አልኩ፣ ባቄላ አወጣሁ፤ እሺ አልኩ፣ ባቄላ አወጣሁ።

እሱ ግን በየመሐሉ ያቆማል። ቆም ብሎ የሚያየው አፌን አይደለም፣ እጄን ነው።