የላይኛው ረድፍ ጠርሙሶች

ሰውዬውን ያስባረርኩት እኔ ነኝ። የሚንቀጠቀጥ እጃቸው አይደለም፣ እርጅናቸውም አይደለም። እኔ ነኝ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ ሬስቶራንት አስተናጋጅ ሆንኩ። የመጠጡ ኃላፊ ስድሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሰው ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ወይን ከእሳቸው በቀር ማንም አይከፍትም። ነጭ ፎጣ ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው መክፈቻውን ቡሹ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ጠረጴዛው ሁሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ "ጷ!" ይላል፣ ይጨበጨባል። እኔ የተበላበት ሳህን ተሸክሜ ከኋላቸው እቆማለሁ። ያ ጭብጨባ ያንገበግበኝ ነበር።

አስተምሩኝ ስላቸው አልሰሰቱም።

"ይሄ የዛፍ ቅርፊት ነው" አሉኝ ቡሹን እያስሸተቱኝ። "ጠርሙሱን ካላስተኛሽው ወይኑ አይደርሰውም፣ ይደርቃል። ከደረቀ እንደ ብስኩት ነው የሚፈረፈረው።"

የፕላስቲኩን ቡሽ አነሳሁ። "ይሄኛውስ?"

"እሱማ ብታቆሚውም ብትዘቀዝቂውም ግድ የለውም። ክዳኑ የሚጠመዘዘውም እንደዚያው።"

"ታዲያ ሁሉም እንደሱ ቢሆን ምናለ? ምን ያለፋናል?"

"እንግዳ ፊት እንደ ሳል ሽሮፕ ጠምዝዘሽ ልትከፍቺ?" ሳቁብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ትዕግስት የሚባል አልፈጠረብሽም።"

ለፋሲካ የቤቱ ባለቤት፣ ማዳም፣ ለቲክቶክ ልትቀርጽ ፈልጋ የወይኑን መደርደሪያ አሳምሪ አለችኝ። ጋሼ ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደዋል። የተኛ ጠርሙስ ደግሞ ጽሑፉ አይታይም። ሁሉንም አቆምኳቸው፣ እንፋሎት ከሚተፋው ከማኪያቶው ማሽን በላይ።

ጋሼ እንደተመለሱ "መልሰሽ አስተኚያቸው" አሉኝ። የታችኛውን ረድፍ አስተኛሁ። ለላይኛው መሰላል ማምጣት ነበረብኝ፣ ሰነፍኩ። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደዚያ አይወጡም፣ ዓይናቸውም ከታች ሆኖ አይለየውም። ውዶቹ ወይኖች ያሉት ግን እዚያ ነበር።

ሐምሌ ላይ ልጁን ሊድር የተስማማ አባት ሽማግሌዎቹን ምሳ ጋበዘ። "ካላችሁ ሁሉ ምርጡን" አለ። መሰላሉን የዚያን ቀን አመጣሁ። ጠርሙሱን ስይዘው እንደ ሻይ ብርጭቆ ሞቋል። ቡሹ እንደደረቀ ገባኝ።

ጋሼ ሲቀበሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አስተኝተሽው ነበር አይደል?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

አመኑኝ። ፎጣቸውን አስተካክለው ሄዱ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። መክፈቻውን ሳቡት፣ የቡሹ ግማሽ ብቻ ወጣ። የቀረውን ሊያወጡ ሲታገሉ ተፈርፍሮ ወደ ውስጥ ገባ። የሙሽራዋ አባት ብርጭቆ ላይ ፍርፋሪው ተንሳፈፈ።

"ሰጋቱራ ነው እንዴ የምታጠጡን?" አለ አባትየው።

"አይፍረዱባቸው" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "እጃቸውን አያዩም? ይሄ ሰው ጡረታ ነው የሚያስፈልገው።" ሳቁ። እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው ከሳቁ በኋላ ነው። አይቻለሁ።

ማዳም ከእንግዶቹ ጋር ሳቀችና ጋሼን ወደ ጓዳ ጠራቻቸው። ከዚያ ቀን በፊት አንቱ ትላቸው ነበር።

"ስንት ጊዜ ልታገስህ?"

"ጠርሙሱ ቆሞ ነው የከረመው" አሉ። "ቡሹ ደርቋል።"

"በልጅ ታሳብባለህ?" ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ፣ አቁመሽው ነበር?"

ናፕኪን እያጠፍኩ ነበር፣ ማጠፌን አላቋረጥኩም። "ኧረ ማዳም፣ እሳቸው እንዳሉኝ ነው ያስተኛሁት።"

ጋሼ ፎጣውን አራት አጥፈው አስቀመጡ፣ መክፈቻውን ከኪሳቸው አውጥተው ናፕኪኑ ላይ አኖሩልኝ። "በይ እንግዲህ፣ ጸጥ ሲሉልሽ አትቸኩዪ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦታቸውን አገኘሁ። ማዳም ግን በዚያው ወር ወይኑን ሁሉ ጠምዝዘው በሚከፍቱት ቀየረችው፤ ሰው አያዋርድም ብላ። በጋሼ መክፈቻ አሁን የለስላሳ ቆርኪ እነቅልበታለሁ።

ባለፈው ወይን ይዤ አንድ ጠረጴዛ ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ፎጣዬን ክንዴ ላይ አድርጌ። ሁሉም ያወራል። አንዱ ከስልኩ ቀና ሳይል "እናት፣ እዛው ከፍተሽው አምጪው" አለኝ።