ስም የሌለው ክብረ ወሰን

የራግቢ ክለቡን መዝገብ የምትይዘው ሜቪስ የሽማግሌውን ስም ጠይቃ አታውቅም። በአውስትራሊያዋ ኢፕስዊች ሜዳ ሁልጊዜ ከጎኗ ይቀመጣል፤ በሙቀትም የሱፍ ቆቡን እስከ ጆሮው ይደፋል። ዛሬ ግን ላብ ሲያጠምቀው አወለቀው። ግራ ጆሮው ተጨማዶ ደርቋል፤ የድሮ ራግቢ ተጫዋች ጆሮ ነው።

የክለቡ አዲስ ተጫዋች የሆነው ልጅ በመጀመሪያ ጨዋታው ሦስት ጊዜ ኳስ ከመስመር ማዶ አሳርፏል። አራተኛዋን ከጨመረ እ.ኤ.አ. በ1961 በመጀመሪያ ጨዋታው ሦስት ያሳረፈ ተጫዋች የያዘው የክለቡ ክብረ ወሰን ይሰበራል። የዚያ ተጫዋች ስም መዝገቡ ላይ የለም፤ ያኔ ‘ዩኒየን’ የሚባለውን የራግቢ ዓይነት የሚጫወት ሰው፣ ይህ ክለብ የሚጫወተውን ተቀናቃኙን ‘ሊግ’ ሲጫወት ከተያዘ ዕድሜ ልኩን ስለሚታገድ ስሙን ደብቆ ነበር የተጫወተው።

በመጨረሻው ደቂቃ ልጁ ኳሷን ይዞ ፈተለከ። የሜቪስ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ሰውየው የወንበሩን ጠርዝ አንቆ ይዞ፣ “ዝቅ በል! ዝቅ በል አንተ!” ብሎ ጮኸ።

ልጁ መስመሩ አንድ ክንድ ሲቀረው ተጣለ። ፊሽካ ተነፋ።

“ለጥቂት!” አለች ሜቪስ መዝገቡን እየገለጠች። “ያ ስም የለሽ ሦስተኛዋን ያሳረፋት በስድሳኛው ደቂቃ ነው ይላል።”

“በሃምሳ ስምንተኛው” አለ ሰውየው። “ዝናብም ነበር።”

ሜቪስ ቀና ብላ ጆሮውን አየችው። “ታዲያ ስምዎን ልጻፈው?”

ቆቡን መልሶ ደፋ።

“ተይ ልጄ። ማንም ቢጠይቅሽ፣ እኔ ያን ቀን የእህቴ ሠርግ ላይ ነበርኩ።”