የመጀመሪያው ኩባያ

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን አሮጌ ቦኖ ፈረሰ። መንገድ የሚሠሩት ልጆች የቧንቧውን ሳጥን ለመክፈት ሲታገሉ አይቼ ከኪሴ ቁልፍ አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ እርስዎ ጋ ምን ይሠራል?» አለኝ አንዱ።

መልሱ ረጅም ነው። ሳጥኑን ከፈትኩላቸው።

ቁልፉ የታላቅ ወንድሜ የኦጁሉ ነበር። ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን የቦኖ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። እናታችን ላገኘችው ሁሉ «ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ትል ነበር። ሰፈሩ ግን የባሮን ወንዝ ትቶ ቧንቧ አላመነም። ስለዚህ ኦጁሉ በየጠዋቱ ሳጥኑን ይከፍትና የመጀመሪያውን ኩባያ ሰልፈኛው ፊት ይጠጣል። ከዚያ ኩባያውን ዘቅዝቆ ያሳያል። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ይቀዳሉም።

የመጨረሻዋ ደህና ቀን እሑድ ነበረች። ቅዳሜ ማታ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ጭቃው ላይ የረገፈ ማንጎ ይሸታል። ከቸርች ስንመለስ ኦጁሉ ዓሣ ጠበሰ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ጄሪካን መሸከም አፍር ነበር።

«ምሁሩ» አለኝ፣ «መሸከም ታፍራለህ፤ መጠጣትስ?»

የዓሣውን ጭንቅላት ለእኔ ሰጠኝ። እሱም ይወደው ነበር።

ማክሰኞ ማታ ተቅማጥና ትውከት ጀመረው። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ኮሪደሩ በሰፈራችን ሰዎች ተሞልቷል። ረቡዕ ሲነጋ ቁልፉን ሰጠኝ። «ሄደህ ክፈት፤ ሰው ውሃ ይጠብቃል» አለኝ። ከፈትኩ። ወደ እሱ ለመመለስ ስለቸኮልኩ አንድ ጉንጭ እንኳ አልጠጣሁም። ከቀትር በኋላ ሞተ።

የምታክመው ሲስተር ከጎጃም የመጣች ናት። ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«ወንድሜ፣ የታመሙት ሁሉ ከአንድ ቦኖ የሚቀዱ ናቸው። መስመሩ ቦዩ ጋ ተሰብሮ ቆሻሻ እየገባበት ነው። እንዲዘጋ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ የሚፈርመው ኃላፊ ግን ኢታንግ ከተማ ስብሰባ ላይ ነው። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ኪሴን ነካሁ። በማለዳ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

አስከሬኑን ይዘን ስንገባ መሽቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛውን እቤት ትቼ ወጣሁ። ቦኖው ጋ ሰልፉ ተሠርቷል። ሮጬ ትናንት ከፍቼ የተውኩትን ቧንቧ ዘጋሁ፤ ሳጥኑን ቆለፍኩ።

«ይሄ ውሃ ነው የገደለው» አልኩ።

ከፊት የነበሩት ጎረቤታችን እማማ አኳታ ተቆጡ። «ወንድምህ በየቀኑ ጠጣ። አንተ ትናንት አልጠጣህም፤ ዛሬ ደግሞ ትከለክላለህ። ምሁር ሆንክ።»

አንዳንዶች ሳቁ።

«አዎ» አልኩ። «ትናንት አልጠጣሁም፤ ለዚህ ነው ቆሜ የማወራው። እሱ ከእናንተ በፊት ጠጣ።»

ሳጥኑ ላይ የነበረውን የኦጁሉን ኩባያ ዘቅዝቄ ጓጉንቸሩ ላይ አንጠለጠልኩት።

እማማ አኳታ ኩባያውን አዩት። ከዚያ ባዶ ጄሪካናቸውን አስተኝተው፣ ጀርባቸውን ለቧንቧው ሰጥተው ተቀመጡበት።

«ሂዱ፣ ከባሮ ቅዱ» አሉ ሰልፉን። «አፍልታችሁ ጠጡ። የዚህን ልጅ ወንድም ዛሬ እንቀብራለን፤ ሌላ ሰው አንቀብርም።»

ሰልፉ ተበተነ። እኔና እሳቸው እስከ ቀብሩ ሰዓት ጠበቅን። ደብዳቤው የመጣው ሰኞ ነው።

አሁን ማዶ አዲስ ቦኖ ተተክሏል። አንዲት ወጣት በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ቀድታ፣ የመመርመሪያ ጠብታ ጨምራ ቀለሙን ታያለች። ኦጁሉ መመርመሪያ አልነበረውም፤ የነበረው ሆዱ ነው። የልጅቷን ስም አልጠየቅኩም። የእሱን ግን ነገርኳት።