ሞጣ ላይ የገባችው ጎል

ዛሬ ቢቸና መናኸሪያ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። መሀል ላይ የቆመው የከተማችን ልጅ፣ ያ ስመ ጥር አጥቂ ነበር። ኳስ ካቆመ ቆይቷል፣ ፀጉሩም ሸብቷል፤ ሰው ግን ዛሬም ይሻማበታል። ሆዴን ቅናት በላው።

ተማሪዎች ሳለን ሞጣ ሄደን ከሞጣ ልጆች ጋር ገጠምን። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። ኳሷን ከመሀል ሜዳ ይዤ ተከላካዮቹን አለፍኩ፣ በረኛውን ሳይቀር አስተኝቼ ለእሱ አቀበልኩ። እሱ ነካት፤ ገባች። ተሸክመውት ሲጨፍሩ እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ቅኔ የሚያስተምሩት አጎቴ አብረውን መጥተው ነበርና አጠገቤ ቆሙ።

«ምነው አኮረፍህ?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ልፋቱ የኔ ነበር እኮ!»

ሳቅ አሉ። «አንተ ዳርህ፣ እሱ አገባ። ሰርገኛ የሚከተለው ሙሽራውን ነው ልጄ።»

እሱ አዲስ አበባ ክለብ ገባ፤ እኔ እዚሁ እህል ነጋዴ ሆንኩ። ጨዋታው በሬዲዮ ሲተላለፍ አጠፋው ነበር።

ዛሬ አብራኝ የነበረችው ባለቤቴ ስልኳን ሰጥታኝ ሰዉን ጥሳ ገብታ አጠገቡ ቆመች። «አንሳን!» አለችኝ። ያውቀኝ እንደሆነ ብዬ ፊቱን አየሁት።

ፈገግ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ትንሽ ወደ ኋላ በል» አለኝ።