በበቅሎ ላይ የተላከከው ወንጀሌ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ደስታም መከራም አይቻለሁ፤ ሰው በራሱ ሲኮራ ባየሁ ቁጥር ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው።

ላሊበላ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሆቴል ዘበኛ ይፈልግ ነበር። ቁመቴ አጭር፣ ጉልበቴም ያን ያህል ባይሆንም አመለከትኩ። ችግሩ የወንጀል ሪከርድ ነበረብኝ፤ ሰው ደብድበሃል ተብዬ ታስሬ ወጥቻለሁ።

ድብደባው እንዲህ ነው። በገና ጨዋታ ላይ ሩሯን፣ የእንጨት ኳሷን፣ እመታለሁ ብዬ የሰነዘርኩት ዱላ ሲሳይ የሚባል ግዙፍ ሰው አፍ ላይ አረፈና ሰውዬው ወደቀ፤ የፊት ጥርሱም ወለቀ። "ሳላየው ነው" ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ግን በዕድሜዬ ማንንም አሸንፌ አላውቅም። ሰፈርተኛው "ያንን የሚያህል ሰው አንተ ነህ የጣልከው?" ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ "ታዲያ ማን ሊጥለው ኖሯል?" አልኩ። ችሎት ፊትም ይህንኑ ደገምኩት። አሰሩኝ።

አሁን ለዘበኝነቱ ስል ሪከርዱ እንዲሰረዝልኝ አውራጃው ፍርድ ቤት አመለከትኩ። ዳኛው "ተበዳዩ ይቅር ማለቱን እዚህ ቀርቦ ይናገር" አሉኝ። ሲሳይ ደግሞ ኩልመስክ ሚስት አግብቶ እዚያው ቀርቷል። የንስሐ አባቴን ለምኜ አብረን በእግር ተነሣን።

ደጁ ስንደርስ እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቴ ላይ አደረግሁ። ከባዱን ትቼ ቀለል ያለውን ነበር የመረጥኩት፤ አባ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ግቢው ለደቦ በመጣ ሰው ሞልቷል።

"ሲሳይ፣ ስለ ጥርስህ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ" አልኩ አጎንብሼ።

ሚስቱ ጥሩዬ ወደ ባሏ ዞረች። "ጥርሴን ያወለቀችው በቅሎ ናት አላልከኝም እንዴ?"

ሲሳይን ላብ ላብ አለው። "ባለቤቷ ነው፤ የበቅሎዋ ባለቤት" አለ። ዓይኑ ይለምነኛል።

አባን ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። በሕይወቴ ሠራሁት የምለው ጀብዱ ያ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለበቅሎ ልሰጥ ነው። ሥራውን ግን ፈልጌዋለሁ።

"አዎ፣ የኔው ናት" አልኩ።

"እንዲያ ያለች ተራጋጭ ሰው መሀል ትለቀቃለች? አሁንስ አለች?" አለችኝ ጥሩዬ።

"ሞታለች።"

"እሰይ" አለችና ድንጋዩን ከአንገቴ አውርዳ ምሳ አቀረበችልን።

ሲሸኘን ሲሳይ ባሕር ዛፉ ሥር አቆመኝ። "በሰው አገር፣ አጭር ሰው መትቶ ጣለኝ ብል ማን ያከብረኛል ብዬ ነው" አለ።

ያኔ እኔም እውነቱን ነገርኩት። "እኔም ሩሯን ብዬ ነው እንጂ አንተን አላየሁህም።"

"ታዲያ ለምን ታሰርህ?"

"መትቼዋለሁ እያልኩ።"

ጥቂት አሰበና "እንግዲያ እኔን የመታኝ የለማ" ብሎ ከልቡ ሳቀ። አባ ግን አልሳቁም፤ "ሁለታችሁም ንስሐ ግቡ" አሉን።

በቀጠሮው ቀን ሲሳይ ላሊበላ መጣ። ችሎቱን ከሚያዳምጠው ሰው መሀል ለገበያ የመጡ የኩልመስክ ጎረቤቶቹ ተቀምጠዋል። አያቸው፤ እኔም አየኋቸው። በቃ ተመልሶ ይሄዳል ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ጥርሴን ያወለቀው ይህ ሰው ነው። በጨዋታ ነው እንጂ ሆን ብሎ አይደለም። ይቅር ብዬዋለሁ" አለ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። "ታዲያ ያኔ ለምን ሆን ብዬ ነው አልክ?"

"ልጅነት ነው ጌታዬ" አልኩ። ያኔ የልጆች አባት ነበርኩ። ችሎቱ ሁሉ ሳቀ። ሪከርዱ ተሰረዘልኝ፤ ዘበኝነቱንም አገኘሁ።

ከችሎት ስወጣ፣ አትፍረዱብኝና፣ ትንሽ ቅር አለኝ። ከእንግዲህ ሰው መትቶ ያውቃል ብሎ የሚያምነኝ የለም። ዛሬ ይህንን ሳስብ በራሴ እስቃለሁ። ሲሳይ ጎረቤቶቹን እያየ ድምፁን ከፍ ያደረገውን ሳስብ ግን ሳቄ ይቆማል። የእኔ ስም እንዲነጻ ብሎ የራሱን አሳልፎ ሰጠ። ቤቱ ሲመለስ ጥሩዬ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈርቼ ነው።