በር የምታየው ልጅ

ልጅ ሳለሁ ከጅብም ከጅኒም አብልጬ የምፈራው የበር መንኳኳት ነበር። ያኔ እናቴ፣ በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ሙባረክና እኔ ሪያድ ከተማ፣ መንሱራ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የከሰል ዶሮ መጥበሻ በላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት አልነበረንም። አባታችን ከሥራ ሲመለስ ተይዞ ወደ ሀገር ከተላከ ዓመት አልፎት ስለነበር፣ እናታችንም ብትያዝ ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ እንደምንቀር ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ወደ ቤታችን የሚመጣ የሀገር ሰው ሁለቴ አንኳኩቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ አንዴ ይደግማል። በሩ በሌላ አኳኋን ከተመታ እናቴ መብራቱን ታጠፋና ሁለታችንንም ወደ ደረቷ ታስጠጋናለች፤ ያኔ ጆሮዬ ደረቷ ላይ ስለሚያርፍ የልቧን አመታት እሰማ ነበር። በጣም ይፈጥን ነበር።

ከዚህ ፍርሃት የምናርፈው ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት በኋላ እትዬ ሩቂያ ክፍል ስንገባ ነው። እትዬ ሩቂያ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ የወረባቦ ሰው ነበሩ፤ ዑረይጃ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ሃያ ዓመት ያህል ሠርተው፣ ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው የወጡ። ብርሃን ወደ ውጭ እንዳይታይ ትልቁን አምፖል ያጠፉና የመታጠቢያ ቤቱን ብቻ አብርተው በሩን ገርበብ ያደርጉታል። ከታች ከዶሮ መጥበሻው የሚነሳው ጭስ የሞራ ሽታ ይዞ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ዶሮ ጠባሹ ሰውዬ ከሰሉን ባራገበ ቁጥር የፍሙ ቅላት ኮርኒሳችን ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ዛሬም የዶሮ ጥብስ በሸተተኝ ቁጥር ተረት የሚጀመር ይመስለኛል።

እትዬ ሩቂያ «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን እንቀመጣለን፤ እስከዚህ ድረስ እንደ ሌላው ተረት ነጋሪ ናቸው። እሳቸው ግን ተረቱ ሞቅ ሲል፣ ዓይናችን አፋቸው ላይ ሲተከል፣ እጃቸውን ቀስ አድርገው ከዕቃቸው አንዱን ያንቀሳቅሳሉ። ብርጭቆ ይደፋሉ፣ ጫማ ያዞራሉ፣ ወይም ከመስገጃው ጫፍ ትንሽ ያጥፋሉ። ተረቱ ሲያልቅ ታዲያ «ቤቴ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ላወቀ አንድ ተምር አለው። ይህን ጨዋታ ያመጡት ከሥራቸው ነው። ማዳም የሚሏት የመጀመሪያዋ አሠሪያቸው ቤቱ በደንብ መጽዳቱን ለማወቅ ምንጣፍ ሥር አዝራር፣ ቁም ሳጥን ላይ ክር ትደብቅ ነበር አሉ። «ቤቱን የማታይ ሠራተኛ ወር አትቆይም፤ እኔ ሃያ ዓመት ቆየሁ» ይሉ ነበር።

ሙባረክ ለፍላፊ ነበር። ከሰው ሁሉ ይግባባል፣ የሰፈሩን የየመን ልጆች በስም ያውቃል፣ ግን ጫማውን ራሱ የት እንዳወለቀ አያውቅም። ጥያቄው ሲመጣ «ብርጭቆው! ትራሱ! ጫማው!» እያለ ያለውን ሁሉ ይጠራና አንዱ ሲሳካለት ተምሩን ይወስዳል። እኔ ግን የእትዬ እጅ ገና ሲንቀሳቀስ አውቃለሁ። አውቄም ዝም እላለሁ፤ ብሳሳትስ? ሰው ዓይን አፋር ይለኝ ነበር እንጂ ዓይኔስ አላፈረም፤ የሚያፍረው አፌ ነበር። እናቴ ደግሞ በዝምታዬ ትኮራለች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ለጎረቤት ታወድሰኛለች። በእኛ ኑሮ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ማለት ትልቅ ነገር ነበር።

አንድ ቀን ሙባረክ ፈሪ ብሎ ሲያሾፍብኝ እትዬ ሩቂያ ሰሙትና አቋረጡት። «ሰው የሚያየው እንደ ጠባዩ ነው» አሉት። «አንተ ደፋር ነህ፤ ሰው ቤት ስትገባ ሰዎቹን ታያለህ፣ ትስቃለህ፣ ትወጣለህ። ፈሪ ሰው ግን በሩን ያያል። መስኮቱን ያያል፣ ደጅ ላይ ስንት ጫማ እንዳለ ይቆጥራል። እሷን ተዋት፤ ፈሪ ለእናቱ ነው ሲባል አልሰማህም?» ያኔ ነገሩ በደንብ ባይገባኝም ያን ማታ በኩራት ተኛሁ።

ከተረታቸው ሁሉ አንዱን ፈጽሞ ጨርሰውልን አያውቁም። አንድ ጅብ ሰው መስሎ ሰርግ ቤት ገባ ይላሉ። እንግዳው ቀልደኛ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ሴቶቹ ሳህኑን ይሞሉለታል። በሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ግን እንግዳው ሥጋውን እየተወ አጥንቱን ሲቆረጥም ታያለች። ያን ሁሉ ትልቅ ሰው ፊት እንዴት አድርጋ ትናገር? በመጨረሻ እንግዳው «ሙሽራዋን እኔ ልሸኛት» ብሎ ይነሳል። እትዬ እዚህ ላይ ሲደርሱ ያቆሙና እኔን ብቻ ያዩኛል። «ልጅቷ ምን አደረገች?» ሙባረክ «ጮኸች!» ይላል። «አንተን አልጠየቅሁም» ይሉታል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። «እንግዲያው ጅቡ ሙሽራዋን ይዞ ደጅ ቆሟል፤ ነገ እንጨርሰዋለን» ብለው ይነሳሉ። ያ ጅብ ደጅ ቆሞ ስንት ማታ እንዳደረ አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ተናግሬ ነበር። ደረጃችን ላይ አንድ የማላውቀው ሰው በየበሩ እየቆመ ቁጥር ሲያይ አየሁትና ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። በሕንፃው ያሉት የሀገራችን ሴቶች ሁሉ፣ አንዷም በባዶ እግሯ፣ ወደ ጣሪያው ወጡ። ሰውየው የሚያደርስበት ቤት የጠፋበት የጋዝ ሲሊንደር አመላላሽ ነበር። ሴቶቹ ከጣሪያ ሲወርዱ ከድንጋጤ የተረፈ ሳቅ ሳቁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ባዩኝ ቁጥር «ነዒማ፣ ጋዙ መጣ ወይ?» ይሉኝ ነበር። ክፋት አልነበረውም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኢቃማ የሌለውን ሰው የማደን ፍተሻ በረታ። ያኔ ከትልቅ ሰው ይልቅ ልጆች ወደ ውጭ ይላኩ ነበር፤ ልጅ ኢቃማ አይጠየቅም ይባላል። ልጆቹ ዳቦ ገዝተው መንገዱን አይተው ይመለሳሉ፣ ትልልቆቹ የሚወጡት ልጆቹ ሰላም ነው ካሉ ነው። እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም ነበር። የዱቄቱ ከረጢት ተራግፏል። በአንዱ ሐሙስ እናቴ ቤቷን የምታጸዳላት ሴት ከዑረይጃ ደወለችና ከዐስር፣ ከቀትር በኋላ ካለው ሶላት ቀጥሎ ሹፌር መስጊዱ ማዕዘን እንደሚጠብቃት፣ ካልመጣች ግን ሌላ ሰው እንደምትይዝ ነገረቻት። እናቴም ሙባረክንና እኔን ተሚስ የሚባለውን ሰፊ ዳቦ እንድንገዛ ላከችን።

መንገዱ ጸጥ ብሏል። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ በዚያ ሰዓት የማይጠፋው የሠራተኞች ሰልፍ የለም፤ ዳቦው ሳይሸጥ ተቆልሏል። የስልክ ካርድ የሚሸጠው ሰውዬ የፕላስቲክ ወንበሮቹን አጣጥፎ አስገብቷል። ከመስጊዱ ማዕዘን ወዲህ መስኮቱ የጠቆረ ነጭ መኪና ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ሥሩ ከማቀዝቀዣው የተንጠባጠበ ውሃ ትንሽ ኩሬ ሠርቶ ወደ መንገዱ መውረድ ጀምሯል፤ ብዙ ቆሟል ማለት ነው። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለው ሰው ስልክ አይነካም፣ ሻይ አይጠጣም፣ ማዕዘኑን ብቻ ያያል። እኔ ይህን ሁሉ ሳይ ሙባረክ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር እየተሳሳቀ አንድ ዳቦ በነፃ አስጨምሮ መጣ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ውጭው እንዴት ነው?»

«ሰላም ነው እማዬ! ዳቦ ጋጋሪው ሰላም ብሎሻል። ያላ፣ ሂጂ» አለ ሙባረክ።

«አንቺስ ነዒማ?»

አፌን ከፈትኩ። ውሃው፣ ወንበሮቹ፣ የተቆለለው ዳቦ ምላሴ ላይ ነበሩ። ወዲያው «ጋዙ መጣ ወይ?» የሚለው ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ብሳሳት ሥራዋን በእኔ ምክንያት ታጣለች። «እሱ እንዳለው ነው» አልኩ። እናቴ ጥቁር አባያዋን ለብሳ፣ ፊቷን ሸፍና፣ ተረከዙን በሰማያዊ ክር የሰፋችውን ቡናማ ጫማዋን አጥልቃ ልትወጣ ስትል ግን እጄ ሳላዘው የአባያዋን ጠርዝ ጨብጦ ያዘ። ጣፋጭ እንድታመጣልኝ የምለምናት መስሏት ይሆናል፣ «አመጣልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ፤ ልቀቂኝ፣ ረፈደብኝ» አለችና ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀች።

ከመስኮቱ አየኋት። ዳር ዳሩን ይዛ፣ ፈጠን ብላ ሄደች። ነጩ መኪና አጠገብ ስትደርስ በሩ ወደ ጎን ተንሸራተተና ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ወረዱ። እናቴ አልሮጠችም። እኛን እንደምታስጠጋን ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች፣ ከዚያ ገባች። ከታች ያለው ሰውዬ ከሰሉን ማራገብ አቁሞ ነበር። ሙባረክ ከኋላዬ ዳቦውን እየቆረሰ «ምን እያየሽ ነው?» አለኝ።

ወደ እትዬ ሩቂያ ክፍል ሮጥኩና በሩን በሁለት መዳፌ ደበደብኩት። ያ የምናውቀው የማንኳኳት ስልት ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ውስጥ ይሰማ የነበረው ሬዲዮ ጭጭ አለ። እትዬ ትንፋሻቸውን ውጠው እንደተቀመጡ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ያ የበር ድብደባ አሁን የእኔው እጅ ነበር። ካልተናገርኩ እንደማይከፍቱ ገባኝ። «ነዒማ ነኝ! እማዬን ወሰዷት!» ብዬ ጮኽኩ። በሩ ተከፈተ።

ያን ማታ ተረት አልነበረም። የፍሙ ቅላት ኮርኒሱ ላይ ብልጭ እያለ እትዬ ያየሁትን ሁሉ ጠየቁኝ፤ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «ይህን መቼ ነው ያየሽው?» ሲሉ «ቅድም፣ ዳቦ ስንገዛ» አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን እያሹ «ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። «ማየት አስተማርኩሽ። መናገርን ግን እየሳቅሁ ለነገ አሳደርኩት።»

በአራተኛው ቀን ሁለታችንን በእጃቸው ይዘው እናቴን ወደወሰዱበት፣ ተርሒል ወደሚሉት የመመለሻ ማቆያ ሄዱ። የእሳቸውም ኢቃማ ካበቃ ዓመታት አልፈዋል፤ ያን በር የገባ ወደ መንሱራ እንደማይመለስ ያውቃሉ። እያነከሱ ገቡ። አዳራሹ ውስጥ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተቀምጠው፣ ተኝተው፣ አልቅሰው ደክመው ነበር። ሙባረክ ማየት አቅቶት አለቀሰ። እትዬ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «በይ ነዒማ፣ ቤቱን እዪ» አሉኝ። ፊት አላየሁም፤ ወደ ታች እግር እግሩን አየሁ። ተረከዙ በሰማያዊ ክር የተሰፋ ቡናማ ጫማ ምሰሶው ሥር አየሁና ያን ሁሉ ሰው ሳልፈራ «እማዬ!» አልኩ። አብረን ወደ ሀገር ገባን። እትዬ ሩቂያ ከሁለት ዓመት በኋላ ወረባቦ አረፉ፤ የጅቡን ተረት ሳይጨርሱልኝ።

አሁን ደሴ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ቤት ስገባ ዛሬም መጀመሪያ የማየው በሩን ነው። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔ ፍርሃት ግን ያን ሐሙስ ለእናቴ አልሆነም። ይህን ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም፤ እናቴም ጎረቤት በመጣ ቁጥር ያን ቀን ስታወራ እኔ አንድ ሥራ ፈጥሬ ከክፍሉ እወጣ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ልወጣ ስነሳ «ማን ያውቅ ነበር፤ መንገዱ እንደ ወትሮው ነበር፣ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም» ስትል ሰማሁና እግሬ አልሄድ አለኝ።

ጎረቤቷ እስክትሄድ ጠበቅሁ። «ነበረ፣ እማዬ» አልኳት። መኪናው ሥር ስለነበረው ውሃ፣ ስለ ወንበሮቹ፣ ስለ ዳቦው ነገርኳት፤ ድምፄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖብኝ ነበር።

«አባያዬን ይዘሽ ነበር» አለችኝ እናቴ። «እንዲያ አድርገሽ ይዘሽኝ አታውቂም ነበር። መፍራትሽን አይቼ ነበር ልጄ፤ አይቼ ነው ጣቶችሽን ያላቀቅኳቸው።»

እጇን ያዝኩ። አሁን አላላቀቀችኝም።