የገለባው ወንበር

የዕድር ወንበር ሲዘረጋ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቀዋለህ። ቋ ይላል፣ ብረት ብረትን ሲመታ። ዛሬ ጠዋት ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አንዱን ዘረጋሁና ቋ ሲል ልቤ ድንኳኑን ጥሎ ወጣ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ሲዘንብ ያደረው ውሃ ከሸራው ጠርዝ እየተንጠባጠበ መቀመጫውን አርሶታል፣ በጋቢዬ ጫፍ ጠረግኩት። ከፋብሪካው በኩል የብቅል ሽታ መጣ። አሰላ ያደገ ሰው ያንን ሽታ አፍንጫው ውስጥ እንደያዘ ነው የሚሞተው።

ጓደኛዬን ትናንት ከዙህር በኋላ ቀበርነው። በያጅ ነበር። የእነዚህ ወንበሮች እግር ሲወልቅ የሚበይድላቸው እሱ ነው፣ አሁን እኔ የተቀመጥኩባትም እግሯ ላይ የእሱ ብየዳ አለባት። ሰዉ በየመሀሉ ዞር እያለ ያየኛል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚያስቅ ሰው ማነው ብትል አሰላ ውስጥ የሚጠቁሙህ እኔን ነው፣ ዛሬ ምን ይል ይሆን ብለው ነው። ዛሬ ግን አልመጣልኝም። ላንተ ግን ላውራህ።

ስለ ሬስሊንግ እንደኔ የሚያውቅ ሰው ከዚህ እስከ ጢቾ ቢፈለግ አይገኝም። ትምህርት ቤት ብዙ አልሄድኩም፣ እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከቪዲዮ ካሴት ነው። ጎረምሳ ሆነን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆማለሁ፣ ዱላ እይዛለሁ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ አስኬደዋለሁ። ያልገባኝን ከራሴ እጨምራለሁ። የምጨምረው ይበዛ ነበር። የኔ ድርሰት ከእነሱ ድርሰት ይሻል ነበር ብልህ ጉራ እንዳይመስልህ። ጉራ ነው።

ቪዲዮ ቤቱ ከገበያው በታች ነበር። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል፣ ከውጭ ቀን ሆኖ ከውስጥ ጨለማ ነው። ክረምት ሰዉ ልብሱ ረጥቦ ይገባና በሙቀቱ ይተናል፣ ቤቱ እርጥብ ሱፍና የገብስ ቆሎ ይሸታል። ሁላችንም የምንቀመጠው የባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ ነው። የሚታጠፍ የብረት ወንበር የነበረው ባለቤቱ ብቻ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የካሴቱ ድምፅ ይጠፋል፣ ያኔ እኔ እጮኻለሁ።

በዚያን ጊዜ አሰላ የምትወዳቸው ሁለት ፈረንጆች ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራ የለም። አንዱ ረጅም ሆኖ ጸጉሩ የገብስ ገለባ ይመስላል፣ ገለባው አልነው። ሌላው አጭር፣ አንገት የሚባል ነገር ያልተፈጠረለት፣ በርሜሉ። ጥንድ ሆነው ነው የሚታገሉት። አንዱ ሲደክመው ከገመዱ ውጭ ለቆመው ጓደኛው እጁን ይዘረጋል፣ ያኛው እጁን ከነካው ይገባለታል። ሕጉ ይኼ ነው። ታዲያ ገለባው ተደብድቦ ተደብድቦ በደረቱ እየተሳበ ወደ በርሜሉ ሲሄድ ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ አብሮት እጁን ይዘረጋ ነበር። ጓደኛዬ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ሆኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁ ወደ ቴሌቪዥኑ። አሁንም ስጨፍን የማየው እንደዚያ ሆኖ ነው።

አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ አዲስ ካሴት መጣ። በርሜሉ መሬት ላይ ነው። እጁን ዘረጋ። ገለባው ከገመዱ ውጭ ቆሞ አየው። አይቶት ወረደና ወንበር አነሳ፣ እንደዚህችው የምትታጠፍ የብረት ወንበር። ጠላቶቻቸውን ሊመታ ነው ብለን ሁላችንም ተነሳን። የገዛ ጓደኛውን ጀርባ መታው። ቋ። ካሴቱም እዚያው ላይ አለቀ።

ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ «ወላሂ አልመታውም» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ተርጓሚው ዞሩ። ለምን መታው? ተርጓሚ ደግሞ አላውቅም አይልም።

«በርሜሉ የአሸናፊነቱን ቀበቶ ለብቻው ሊወስድ ከጠላቶቻቸው ጋር ተስማምቶበት ነው» አልኩ።

ጓደኛዬ ተነሳ። «የት ላይ ነው እንደዚያ ያለው?»

«በእንግሊዝኛ ብሏል።»

«አንተ እንግሊዝኛ የት ታውቅና? የኛ አስተማሪ በአማርኛ ሲናገር እንኳ አልገባህም።»

«ያ የአስተማሪው ችግር ነው።»

ሰዉ ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም። «እጁን ዘርግቶለት ነበር» አለ። «እጁን የዘረጋ ሰው ምንም ቢያጠፋ አይመታም።» ብሎኝ ወጣ።

እኛ እኮ አንድ ግቢ ያደግን ነን። እናቱ ስታፈጥር ለኔ የተለየ ሳህን አታቀርብም ነበር፣ ከእሱ ጋር ነው የምበላው። በፈረንጅ ጀርባ የተነሳ ያ ሰው ሰላምታ ነሳኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ነሳሁት። ቪዲዮ ቤቱም ለሁለት ተከፈለ፣ የገለባው ሰዎች በግራ አግዳሚ የበርሜሉ ሰዎች በቀኝ። አንድ ቀን ድንጋይ መወራወር ሲጀመር ባለቤቱ ጨነቀውና ሄዶ ሽማግሌዎች ለመነ። እኛ አገር ሰው ከተጣላ ጃርሱማ አለ፣ ሽማግሌ ቁጭ ይላል። እነሱም ቪዲዮ ቤት ገብተው አያውቁም፣ ዱላቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ልጆቹ የተጣሉት በምንድን ነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«በሬስሊንግ ነው አባባ» አለ ባለቤቱ።

«የት ያለ መሬት ነው?»

ነገሩ ተብራራላቸው። «ጥፋቱን በዓይናችን ሳናይ አንፈርድም» አሉ። ካሴቱ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ አዩ። «መልሰው» አሉ። ተመለሰ። በርሜሉ እጁን ሲዘረጋ የትልቁ ሽማግሌ እጅ ከጋቢያቸው ስር ብቅ ስትል በዓይኔ አይቻለሁ።

«እነዚህ ሰዎች አብረው ይበሉ ነበር?»

«አዎ አባባ» አልኩ። አላየሁም፣ ግን ተርጓሚ ነኝ።

«የመታው ልጅ ወገን የለውም? ሽማግሌ የለውም?»

«አሜሪካ ሽማግሌ የለም አባባ።»

«ታዲያ ማን ሊያስታርቃቸው ነው?» አሉና ከልባቸው አዘኑ። ጥቂት ተንሾካሾኩና ወደ እኔ ዞረው ፈረዱ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ገለባ ያላችሁት ሰው እዚህ የለም። ለእሱ የተከራከርክለት አንተ ነህ፣ ካሣውንም አንተ ትከፍልለታለህ። ወንበር ሰው ማክበሪያ ነው። እሱ ሰው መታበት። እንግዲህ ከዚህ ልጅ ጋር በተገናኛችሁበት ሁሉ ወንበሩን ዘርግተህ አስቀድመህ ታስቀምጠዋለህ። እነዚያ ሁለቱ መታረቃቸው እስኪሰማ ድረስ።»

መረቁን። የባለቤቱን ወንበር አንስቼ ዘረጋሁለት። ጓደኛዬ እንደ ባላባት እግሩን አጣምሮ ተቀመጠባትና ወደ ላይ አየኝ። «ጋንቱ» አለኝ፣ በኦሮምኛ ከሃዲ ማለቱ ነው፣ «ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጋት።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ ጋንቱ ሆነ፣ እኔም በርሜሉ እለዋለሁ።

የዚያ ካሴት ቀጣዩ አልመጣም። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፣ ዲሽ መጣ፣ ጡንቻቸው የሚያብረቀርቅ ሌሎች መጡ። እነሱንም አይቻቸዋለሁ። አሁን ሬስሊንግ ውሸት ነው የሚሉኝ ልጆች አሉ። ማን ያሸንፋል የሚለው አስቀድሞ ተጽፏል እሺ፣ መሬቱ ግን አልተጻፈም፣ ሲወድቁበት ያማል። የሚቆየው ታሪክ ደግሞ የጡንቻው አይደለም። ጠላት ቢመታህ ማንም አያስታውሰውም። ወዳጅ ሲመታህ ነው አገር ቁጭ ብሎ የሚፈርደው።

ፍርዱም ሠራ። ሠርግ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ስብሰባ ላይ ሲመጣ አይቀመጥም። ቆሞ ይጠብቀኛል። «ጋንቱ፣ ወንበር» ይላል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። በሠርጌ ዕለት ሙሽራዬን አስቁሜ ዘርግቼለታለሁ፣ ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶዬ መሀል መጣና እንደ ልማዱ ቆመ። አላየሁትም መስሏቸው ሌሎች ወንበር ሊያቀብሉት ሲሉ በእጁ ከለከላቸው። ተነሳሁ፣ እንባዬ እየወረደ ዘረጋሁለት። ቁጭ አለና በጆሮዬ «ጋንቱ፣ በርታ» አለኝ። ከዚያ ሁሉ አጽናኝ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ከፍታ ድሮ የምታወራልን ሰዎች እነዚህ ናቸው ወይ አለችኝ። እነሱ ናቸው። የገለባው ጸጉር ነጥቷል፣ ጉልበቱ ስለተጎዳ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። በርሜሉ ቦርጩን ይዞ መድረኩ ላይ ቆሟል። ሰዉ ያጨበጭባል። በርሜሉ እጁን ዘረጋ። ገለባው ነካው። ተቃቅፈው አለቀሱ።

ልጄን «ዝጊው፣ ለማንም እንዳታሳዪ» አልኳት። ገረማት። ፍርዱ ያልቃላ። ጸጉራቸው የሸበተ ሁለት ሰዎች እንዲሁ አይፈላለጉም፣ ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ዝናብ አለ። እኛን የሚያገናኘን ወንበር ነበር። ደብቄ ይዤው ቀረሁ።

ዘንድሮ ኩላሊቱ ታመመ። ቤቱ ስሄድ ሚስቱ «ግባ ወንድሜ፣ ጋንቱ መጣ ወይ እያለ ሲጠይቅ ነው የዋለው» አለችኝ። በርሜል የሚያክለው ሰው ብርድ ልብሱ ስር የለም ብትል ይቀላል።

«ጋንቱ፣ መጣህ?»

«መጣሁ፣ በርሜሉ።»

ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን ወንበር አንስቼ ከአልጋው አጠገብ ዘረጋኋት። ቋ። ፈገግ አለ።

«ዛሬ እኔ ተኝቻለሁ፣ አንተ ተቀመጥባት» አለኝ።

«ፍርድ ነው» አልኩና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀልድ ላወራ ሳይሆን አንዴ እንኳ በደህና ቃል ወንድሜ ልለው ነበር የሄድኩት። በመንገዱ ሁሉ ስለማመደው ነበር። ስገባ ግን ጋንቱ አለኝ፣ እኔም ጋንቱ ሆንኩ።

ጣሪያው ላይ ዝናብ ጀመረ። «እነዚያ ሰዎችስ?» አለ። «አልታረቁም?»

በልጄ ስልክ ላይ ያየሁት እጅ ትዝ አለኝ። «አልሰማሁም» አልኩት።

«ይቆዩ» አለ። «አይቸኩሉ።»

ከዚያ እጁን ከብርድ ልብሱ ስር አውጥቶ ዘረጋልኝ። ነካሁት። ሬስሊንግ ቢሆን ኖሮ እሱ ይወጣ ነበር፣ እኔ እገባለት ነበር።

ይኸው ነው። አሁን ድንኳኑ እየሞላ ነው። ከአርቦዬ የመጡ ዘመዶቹ ቆመው ቦታ ይፈልጋሉ። እኔ የእሱ ብየዳ ያለባት ላይ ተቀምጫለሁ፣ ጠዋት የጠረግኳት ከጎኔ ተዘርግታለች። ጃንጥላቸው ውሃ የሚያንጠባጥብ አንድ ሽማግሌ መጡና እጃቸውን መደገፊያዋ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይቺ ባዶ ናት?»

ተነስቼ የራሴን ለቀቅኩላቸው።

«እዚህ ይቀመጡ አባባ» አልኳቸው። «እሷ ሰው አለባት።»